ተራ የነሳው ቁጥር

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ቆዩ-ቆዩ ይሏታል። አንድ ማሽን ነገረ ሥራው ባላማረ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ ማጥፊያው ሲሮጥ እሷ ከወንበሯ ብድግ ብላ "ቆዩ! ቆዩ!" ስለምትል የወጣላት ስም ነው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ውሎ ሲያድር ግን የበሩ ዘበኛ ሳይቀር ዋናውን ስሟን ረሳው። ሰው ጥንቃቄ ይመስለዋል። እሷ ራሷን ስለምታውቅ "ቆዩ" የሚያሰኛት ፍርሃት መሆኑ አይጠፋትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ፈሪ ናት። መንገድ ለመሻገር ግራ ቀኙን ሦስት ጊዜ ታያለች። ምድጃ አጥፍታ፣ በር ቆልፋ፣ ደረጃውን ከወረደች በኋላ ተመልሳ ምድጃውን ትነካዋለች። ልብስ ሰፊው ባሏ "አንቺ እኮ የራስሽን ጥላ መታወቂያ ሳትጠይቂ አታሳልፊውም" እያለ ይስቅባታል።

የያዘችው ሥራ ግን ለፈሪ የሚሆን አልነበረም። የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰፊ ክፍል ውስጥ፣ ስምንት ስልክ ተቀባዮች ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ሰው ይደውላል፤ ተቀባዩ አድራሻውን ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ የትኛው አምቡላንስ ቅርብ እንደሆነ ያሳያል፤ አንዲት ቁልፍ ስትጫን ትእዛዙ ሾፌሩ ዘንድ ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ከኋላ፣ መስኮት በሌላት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ አንድ ማሽን ነው። የእሷ ጠረጴዛ የዚያች ክፍል በር ሥር ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የማሽኑን ማራገቢያ ስትሰማ ከመኖሯ የተነሳ፣ ድምፁ ትንሽ ከተለወጠ የጎረሰችውን ሳትውጥ ቀና ትላለች።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። የስምንቱም ተቀባዮች ስክሪን በአንድ ጊዜ ስታክ አደረገ። ኪቦርዱ ቢነካ መልስ የለም። አርባ ሰከንድ ያህል ቆየና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በራሱ ተመለሰ። ማክሰኞ ሁለት ጊዜ ደገመው። የተቀባዮቹ አለቃ ሁሉም ሰው እቴቴ የሚላቸው፣ ድምፃቸው ያለ ስልክ አገር የሚያዳርስ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ በሁለተኛው ጊዜ ትዕግስታቸው አልቆ ማሽኑን ራሳቸው አጥፍተው አበሩት። ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር ስድስት ደቂቃ ፈጀ። በዚያ ስድስት ደቂቃ ተቀባዮቹ በእርሳስና በወረቀት እየጻፉ፣ በሬዲዮ ለሾፌሮቹ እየጮኹ ሠሩ።

"ይኸው ዳነ" አሉ እቴቴ እጃቸውን እያራገፉ።

"አልዳነም፣ እቴቴ። በሽታውን ሳናየው ነው ያስተኛነው። ሲጠፋ እኮ ያየው ሁሉ አብሮት ይጠፋል።"

"እኔ ደግሞ ስልኬ ይነሣልኝ እንጂ የበሽታውን ስም ብማር አልማር ምን ተዳዬ!"

የዚያኑ ቀን አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጽፋ ማሽኑ ላይ አስቀመጠች። ሥራዋ በየሰከንዱ ማን እየሠራ እንደሆነና ማን ተራ እየጠበቀ እንደሆነ መዝግቦ ማስቀመጥ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስታክ ሲያደርግ ጥፋተኛውን በስሙ ጽፋ ታቆይልኛለች ብላ ጠበቀች። ረቡዕ ምንም ሳይሆን አለፈ። እንደ ሌላው ሰው ደስ ሊላት አልቻለም፤ ከሰኞ ይልቅ ረቡዕ ፈራች።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዝናቡ እየወረደ ሳለ አንድ አውቶቡስ አደባባዩ ላይ ተንሸራቶ ከግንብ ጋር ተላተመ። ያየው ሁሉ ስልኩን አነሣ። ሁለት መስመር፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት። ስልኩ በሁሉም ጠረጴዛ ላይ ተንጫጫ፤ ስክሪኖቹም ድርቅ አሉ።

ቆዩ-ቆዩ ወደ ቀዝቃዛዋ ክፍል ሮጠች። የመጀመሪያው ያስደነገጣት ነገር ድምፁ ነበር። ስታክ ያደረገ ማሽን ዝም ይላል ብላ ነበር የጠበቀችው። ይኼኛው ግን ማራገቢያው አቀበት እንደሚወጣ መኪና ያጓራል። አልሞተም ማለት ነው። በሆነ ነገር ተወጥሯል፤ ለሌላው ጊዜ የለውም። ማውዙን ስታንቀሳቅሰው ቀስቷ በሰከንድ አንዴ ዘለል ትልና ትቆማለች። አንድ ትእዛዝ መጻፍ ጀመረች። የጻፈችው ፊደል እስኪታይ ትንፋሿን ውጣ ቆመች።

እቴቴ በሩን በርግደው ገቡ። "አጥፊው!"

"ይቆዩ እቴቴ! ሲጠፋ ስድስት ደቂቃ ነው! አንዲት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ፣ አሁን እይዘዋለሁ!"

"ሰው ደም እየፈሰሰው አንዲት ደቂቃ ትይኛለሽ?"

ቀሪውን ትእዛዝ መጻፍ ቀጠለች። የጻፈችው ትእዛዝ ግማሹ ሳይታይ፣ ከተባለው አንድ ደቂቃ በላይ አልፎ፣ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ተለቀቀ። የማራገቢያው ጩኸት ወረደ። እፎይ ልትል አፏን ስትከፍት ከሰፊው ክፍል የአንዲት ልጅ ጩኸት ሰማች። ግድግዳው ሥር የምትቀመጠው ቀጭኗ ተቀባይ ማዳመጫዋን አውልቃ ቆማለች።

"አድራሻው የለም! ሰውየው እናቴ ወደቀች፣ አፏ ተጣመመ አለኝ፤ ጽፌው ነበር፤ አልተመዘገበም! ስልኩም ተቋርጧል፣ ቁጥሩም የለም!"

ሰውየው ደግሞ እስኪደውል መጠበቅ ብቻ ነበር የተረፋቸው። ደወለ፤ መስመር ተይዞበት። ደግሞ ደወለ። አምቡላንሱ የሴትዮዋ በር ላይ ሲደርስ መድረስ ከነበረበት አሥራ አንድ ደቂቃ ዘግይቷል። ይህን ቁጥር እቴቴ ከሾፌሩ ሬዲዮ ላይ ሰምተው፣ ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አድርገው ነገሯት። ቆዩ-ቆዩ የማሽኑን መደርደሪያ ይዛ ቆመች።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠሯት። ወንበር አላሳዩአትም። "ነገ ከምሳ በፊት ምክንያቱን እፈልጋለሁ" አሏት። ተመልሳ የዚያችን ትንሽ ፕሮግራም መዝገብ ከፈተች። በየሰከንዱ አንድ መስመር መኖር ነበረበት። ስታክ እስካደረገበት ቅጽበት ድረስ ሰከንዶቹ ተሰልፈዋል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ተምች እንደበላው እርሻ ነው፤ ሰባት ሰከንድ ባዶ፣ አንድ መስመር፣ ዘጠኝ ሰከንድ ባዶ፣ አንድ መስመር። ጥፋተኛውን እንድትጠብቅ ያቆመቻት ዘበኛ ራሷ መጻፊያ ተራ አጥታለች። ከእሷ የበረታ አንድ ነገር አለ። ማን እንደሆነ ግን መዝገቡ ላይ የለም።

ማታ ከባሏና ከልጇ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጣ፣ እህል አልወርድ አላት። ልጇ ማንኪያ ጣለች፤ እሷ እንደተተኮሰበት ሰው ዘለለች።

"ምን ሆነሻል ዛሬ?" አለ ባሏ።

ነገረችው። የአሮጊቷን ነገር ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። እሱም ሊያስረሳት ብሎ ይመስላል፣ ስለማሽኑ ጠየቃት። "ለመሆኑ አንድ ማሽን ያን ሁሉ ሥራ ባንዴ እንዴት ነው የሚሠራው?"

"ባንዴ አይሠራም። በተራ ነው። ይኼኛው ማሽን አራት ነገር ባንዴ መሥራት ይችላል፤ የሚጠብቁት ግን በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ለእያንዳንዱ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰች ጊዜ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ይነጠቅና ለሌላው ይሰጣል። ፍጥነቱ ነው ባንዴ የሚያስመስለው።"

"አንዱ አልለቅም ቢልስ?"

"አይችልም። ተራ አስያዥ አለ፤ በግድ ይነጥቀዋል። በጣም ከፍ ያለ ቅድሚያ የተሰጠው ካልሆነ በስተቀር ማንም..."

ክው አለች። የያዘችው ብርጭቆ አፏ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የተቀዱ የስልክ ንግግሮች እየተቆራረጡ ስላስቸገሩ ሥራ አስኪያጁ "ከቅጂው የሚቀድም ነገር አይኑር" ብለዋት ነበር። እሷም የድምፅ መቅጃውን ፕሮግራም ቅድሚያ ከፍ አደረገችው። አንዲት ቁጥር ናት የለወጠችው። ሞከረችው፤ ድምፁ ጥርት አለ፤ ሥራ አስኪያጁም አመሰገኗት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲትም ነገር ስላልተበላሸች ቁጥሯን ረስታት ነበር።

"ምነው?" አለ ባሏ።

"ምንም" አለችው። አሥራ አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ ፊት ለፊት ዋሽታው አታውቅም።

ዓርብ ሠራተኛው ሳይገባ ቢሮ ደረሰች። ስክሪኗን ከፍታ ያችን ቁጥር አየቻት፤ ራሷ እንደጻፈቻት ተቀምጣለች። ሊደረግ የሚችለው ነገር ወለል ብሎ ታያት። ቁጥሯን መልሳ ዝቅ ብታደርጋት፣ "ማሽኑን ፈትሼዋለሁ፣ ደህና ነው" ብትል፣ በሕይወት ያለ ሰው አያውቅባትም። ሥራ አስኪያጁ የዚያን ቀን ያሏትን ረስተዋል። እቴቴ ስለ ቅድሚያ የሚያውቁት ነገር የለም። ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርሶ ብዙ ቆየ። ያገዳት ጨዋነት ነው ብላ ኋላም አልተናገረችም። ያገዳት ሌላ ፍርሃት ነው። ግምቷ ስህተት ቢሆንስ? ቁጥሯን ለውጣ፣ አፏን ዘግታ፣ ሌላ ቀን እንደገና ስታክ ቢያደርግስ? መሞከር አለባት። ለመሞከር ደግሞ ብቻዋን አትበቃም፤ ብዙ ስልክ ባንዴ የሚደውል ሰው ያስፈልጋታል።

እቴቴ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ሲገቡ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

"እቴቴ፣ እኔ ነኝ መሰለኝ።"

"ምኑን ነሽ?"

"ያበላሸሁት። አሮጊቷን... እኔ ነኝ መሰለኝ።"

እቴቴ አፍጥጠው አዩአት። ይሰድቡኛል ብላ ዓይኗን ጨፈነች። "መሰለኝ ነው ወይስ ነኝ?" አሉ ሴትዮዋ። "መሰለኝ ከሆነ ሄደሽ አረጋግጪ። ማልቀሱ ይደርሳል።"

ዕቃ ክፍል ውስጥ ለመጠባበቂያ የተቀመጠ፣ የዋናው ወንድም የሆነ ማሽን ነበር። ጎትተው አወጡትና ያንኑ ፕሮግራም፣ ያችኑ ቁጥር ጫነችበት። ከዚያ በሦስቱ ሳምንት ውስጥ ምን እንደተለወጠ አሰበች። የድሮ ቅጂዎች ተከማችተው ዋናው ዲስክ ሊሞላ ጫፍ ደርሷል፤ በሞላ ቁጥር ቀርፋፋ ሆኗል። የመጠባበቂያውንም ዲስክ ሆን ብላ ሞላችው። በመጨረሻም ያችን መዝጋቢ ፕሮግራም ከመቅጃው በላይ ቅድሚያ ሰጠቻት። ቁጥሩን ከማጽደቋ በፊት ደጋግማ አየችው፤ አሮጊቷን ለዚያ የዳረጋት ይኸው ዓይነት ቁጥር ነው።

ከፈረቃ የወጡ አምስት ተቀባዮች በየስልካቸው ቆሙ። አንዷ "ምን ልበል?" አለች። "የፈለግሽውን፤ ዝም ብቻ እንዳትይ" አሏት እቴቴ። ልጅቷ ስለ አማቷ ኩርፊያ ማውራት ጀመረች። ማሽኑ ደህና ነው። ሁለተኛዋ ደወለች፤ መቁጠር ያዘች። ደህና ነው። ሦስተኛው፣ የቤት አከራዩን በደል በምሬት ተረከ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ሰከንዱን እየቆጠረ ነው።

"አራተኛ" አለች ቆዩ-ቆዩ። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

አራተኛዋ "ሃሎ" ከማለቷ ማራገቢያው አጓራ። ሰዓቱ ቆመ።

ተቀባዮቹ ስልካቸውን ሲዘጉ መዝገቡን ከፈተች። ዛሬ ባዶ ቦታ አልነበረውም። በየሰከንዱ አራት መስመር፣ አራቱም የአንዱ የድምፅ መቅጃ ናቸው። መቅጃው ለእያንዳንዱ ጥሪ አንድ ቅጂ ይከፍታል፤ ዲስኩ ሲዘገይበት አረፍ ብሎ አይጠብቅም፤ "ደረስክ? ደረስክ?" እያለ ያለ እረፍት ይጠይቃል። ድሮ ተራ አስያዡ እየነጠቀ ለሌላው ያካፍልበት ነበር። እሷ የሰጠችው ቅድሚያ ግን የተራ አስያዡን እጅ አሰረው። ማሽኑ አራት እጅ ነው ያለው፤ አራት ጥሪ ሲመጣ አራቱም እጆች ተያዙ። ለቀረው ሁሉ፣ ለአድራሻው፣ ለካርታው፣ ለትእዛዟ ቁልፍ፣ በሰከንድ ውስጥ የምትንጠባጠብ ፍርፋሪ ብቻ ቀረችለት። ሰው ብዙ ሲደውል ብቻ፣ ማለትም ሰው በጣም ሲፈልገው ብቻ፣ የሚታመም ማሽን ሠርታ ነበር።

"ነኝ፣ እቴቴ" አለች።

እቴቴ ትከሻዋን ያዙና "እንግዲህ አሁን መልሺው" አሉ።

መመለሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጭንቅ ሆነ። ዋናው ማሽን ላይ ጥሪ አልተቋረጠም፤ ሁለት መስመር ተይዟል። አራት ከመድረሱ በፊት ቁጥሯን ዝቅ ማድረግ አለባት። አንዲት ፊደል ብትሳሳት የአምቡላንሱን ፕሮግራም ልትዘጋው ትችላለች። ትእዛዙን ጻፈች። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከኋላዋ ሦስተኛ ስልክ ጮኸ። ደግማ አነበበችው።

"አንቺ ልጅ!" አሉ እቴቴ።

ተጫነችው። አራተኛው ስልክ ተነሣ፤ ቀጭኗ ተቀባይ "አምቡላንስ፤ የት ነው ያሉት?" ስትል ተሰማ፤ የጻፈችውም አድራሻ እዚያው ስክሪኑ ላይ ወጣ። ቆዩ-ቆዩ ጠረጴዛዋ ላይ ግንባሯን ደፍታ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ተነሥታ የድሮ ቅጂዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ማዛወር ጀመረች፤ ከምሳ በፊትም ሪፖርቷን ጽፋ ጨረሰች።

ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቷን ቆመው አነበቡት። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ተቀመጡ። "ከቅጂው የሚቀድም አይኑር ያልኩት እኔ ነኝ፣ አይደል?"

"ያሉት እርስዎ ነዎት። በአንድ ጥሪ ብቻ ሞክሬ የተውኩት ግን እኔ ነኝ።"

"'የቴክኒክ ብልሽት' ብንለውስ? አጭርም ነው፤ ለሁላችንም ይበጃል።"

ለአፍታ ልቧ ወደዚያው አዘነበለ። "ጋሼ፣ እንደሱ ከተጻፈ የሚቀጥለው ሰው ያንኑ ቁጥር መልሶ ይጽፋታል" አለች፤ ብላም ደነገጠች፤ አለቃን እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ሰውየው ብዕራቸውን አንሥተው ፈረሙበት። ሪፖርቱ እንዳለ ወደ በላይ አለቆች ሄደ። ለእሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ለእሳቸውም ደረሳቸው ይባላል። ከዚያ ወዲህ የቅድሚያ ቁጥር የሚለወጠው ሁለት ሰው አይቶት፣ ስምንቱም መስመር ባንዴ ተደውሎ ከተሞከረ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ የአሮጊቷ ልጅ መጣ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ሊያነጋግሩት ቢሉም "ማሽኑን የሚያውቀውን ሰው ነው የምፈልገው" አለ። ቆዩ-ቆዩ ተጠርታ መጣች። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ እጇን ጉልበቷ ላይ ደበቀችው። ሳይጠይቃት ሁሉንም ነገረችው፤ ቁጥሯን፣ አራቱን ጥሪ፣ "አንዲት ደቂቃ" ያለችውን። እሱ ጠረጴዛውን እያየ ሰማት።

"እናቴ ተርፋለች" አለ በመጨረሻ። "ቀኝ እጇ አይታዘዛትም። ስሜን ስትጠራ ይኮላተፍባታል። ሐኪሙን ቶሎ ብትደርስ ኖሮ ብዬ ጠየቅሁት፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም አለኝ።"

ይቅርታ አለችው፤ ቃሉ አነሰባት። ሰውየው ይቅር እላለሁም፣ አልልምም አላለም።

"አሁንስ ተስተካክሏል?"

"በዚህ ነገር ዳግመኛ አይበላሽም። ሞክረነዋል። በሌላ ነገር አይበላሽም ብዬ ግን ልምልልዎት አልችልም።"

ቀና ብሎ አያት። "ከእናቴ ስልክ በላይ ግድግዳው ላይ ቁጥራችሁን በትልቁ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ባየሁት ቁጥር ልቀደው እጄን እልካለሁ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ልቅደደው ወይስ ልተወው?"

ከበስተጀርባ፣ ከሰፊው ክፍል፣ ስልኮች ይጮኻሉ፤ ስንት እንደሆኑ ሳታውቀው ትቆጥራለች።

"ይተዉት" አለችው።

ሰውየው ኮቱን ይዞ ተነሣ። አልጨበጣትም። በሩ ጋ ሲደርስ ራሱን በትንሹ ነቀነቀና ደረጃውን ወረደ። እሷም ተነሥታ ወደ ሥራዋ ገባች።